194,313ን በእርሳስ መፍታት፦ የአንድን ትልቅ ቁጥር ውስጡን ማያ መመሪያ

አንድ ቁጥር ትልቅ መሆኑ ስለ ቁጥሩ ብዙም አይነግረንም። የሚነግረን ከምን እንደተሠራ ነው። በየትኞቹ ቁጥሮች እኩል ይካፈላል? በየትኞቹ አይካፈልም? ሲካፈል ስንት ይተርፋል? እነዚህን ጥያቄዎች በእርሳስና በወረቀት መመለስ ይቻላል። ዛሬ የምንሠራው ይህንኑ ነው።

የመረጥኩት ቁጥር 194,313 ነው። ዝም ብዬ አላነሳሁትም። በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በ532 ዓመት ውስጥ ያሉት ቀናት ብዛት ነው። 532 ዓመት በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመንና የበዓላት ስሌት፣ ዐቢይ ቀመር ይባላል። ይህ ዘመን ሲሞላ ዕለቱም፣ የጨረቃው ስሌትም፣ ወንጌላዊውም እንደ መጀመሪያው ይገጥማሉ። ፋሲካም ሌሎቹ ተዘዋዋሪ በዓላትና አጽዋማትም በዚያው ተራ እንደገና ይመጣሉ። ታዲያ ለምን 532 ሆነ? ለምን 500 ወይም 600 አልሆነም? መልሱ ቁጥሩ ውስጥ አለ፤ ስንፈታው ይወጣል።

እዚህ ሐዋሳ ማታ ማታ ለሒሳብ ማጠናከሪያ ከሚመጡ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጋር ይህን ቁጥር ደጋግመን ሠርተነዋል። ሁልጊዜ አንዱ «ቲቸር፣ በካልኩሌተር አይሻልም?» ይላል። ካልኩሌተር 194,313ን ለ7 አካፍል ሲሉት 27,759 ብሎ ይመልሳል። ለምን በ7 መሞከር እንደሚያስፈልግ ግን አይናገርም። ስለዚህ ስልኩ ለመጨረሻ ማረጋገጫ ይቀመጥ። ለጊዜው ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ይበቃል። የማባዛት ሠንጠረዥ በቃል መቻል ግን ግድ ነው። ያልቻለ ልጅ ካለ መጀመሪያ እሱን ይጨርስ፤ ሌላው ሁሉ በዚያ ላይ የሚቆም ነው።

1ኛ እርምጃ፦ ቁጥሩን ራሳችሁ ሥሩት

ማንም የሰጣችሁን ትልቅ ቁጥር ከመፍታታችሁ በፊት ከየት እንደመጣ እወቁ። ከቻላችሁ ራሳችሁ አስሉት።

በእኛ አቆጣጠር ሦስቱ ዓመታት ባለ 365 ቀን ናቸው። አራተኛው 366 ነው፤ ጳጉሜ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6 ስለምትሆን። ስለዚህ የአራት ዓመት ቀናት እንዲህ ይደመራሉ፦

365 + 365 + 365 + 366 = 1,461

532 ዓመት ውስጥ ስንት አራት ዓመት አለ? 532 ÷ 4 = 133። አሁን 133ን በ1,461 እናባዛ። 100 ጊዜ 1,461 ማለት 146,100 ነው። 33 ጊዜ 1,461 ደግሞ 48,213። ሁለቱ ሲደመሩ 194,313 ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ስሌት የሚሠራው ጳጉሜ 6 በየአራት ዓመቱ ሳትዛነፍ ስለምትመጣ ነው። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እንዲህ አይደለም። እዚያ 1900 ተጨማሪ ቀን አልነበረውም፤ 2000 ግን ነበረው። በእነሱ 532 ዓመት ከየት ተነስታችሁ እንደቆጠራችሁ የቀኑ ብዛት ይለያያል። ወደዚያኛው አቆጣጠር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

2ኛ እርምጃ፦ ጫፉን እዩ

የመጨረሻው አሃዝ 3 ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ጎዶሎ ነው፤ በ2 አይካፈልም። በ0 ወይም በ5 ስላላበቃ በ5ም በ10ም አይካፈልም።

በ4 ሲካፈል ስንት እንደሚተርፍ ለማወቅ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ብቻ ማየት ይበቃል። 13 ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ይህቺን 1 ደብተራችሁ ጥግ ላይ ጻፏት፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

3ኛ እርምጃ፦ በግእዝ ቁጥር ጻፉትና ደምሩት

ይህን እርምጃ በጣም እወደዋለሁ። የግእዝ ቁጥር የሚጻፈው ሁለት ሁለት አሃዝ እየተጣመረ ነው። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምራችሁ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ቁረጡት፦ 19፣ 43፣ 13። ከዚያ ይህ ይመጣል፦

፲፱፼፵፫፻፲፫

19 እልፍ፣ 43 መቶ፣ 13። አሁን ጥንዶቹን ደምሩ፦

19 + 43 + 13 = 75

ይህ 75 ትልቁን ቁጥር ወክሎ ይመልስልናል። 75 በ3 ይካፈላል፤ ስለዚህ 194,313ም በ3 ይካፈላል። 75 ለ9 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ስለዚህ ትልቁም ለ9 ሲካፈል የሚተርፈው 3 ነው። 75 ለ11 ሲካፈል 9 ይተርፋል፤ የትልቁም ቀሪ 9 ነው። በአንዲት አጭር ድምር ሦስት ጥያቄ ተመለሰ።

ለምን ይሠራል? ፻ ማለት 99 + 1 ነው። ፼ ማለት ደግሞ 9,999 + 1 ነው። 99ም 9,999ም በ3፣ በ9 እና በ11 እኩል ይካፈላሉ። ስለዚህ 43 መቶ ሲባል 43 ጊዜ 99ኙ ቀሪ አይተውም፤ የሚቀረው 43 ጊዜ 1 ነው። 19 እልፉም እንዲሁ 19 ብቻ ይተዋል።

በትምህርት ቤት የተለመደው አሃዞቹን አንድ በአንድ መደመር ነው፦ 1+9+4+3+1+3 = 21። ይህም ትክክል ነው፤ በ3 እና በ9 ይፈትናል። በ11 ግን አይፈትንም። የግእዙ ጥንድ ሦስቱንም ስለሚሠራ ልጆቹን ከዚህ አስጀምራለሁ። የግእዝ ቁጥር ማንበብም አብረው ይለማመዳሉ።

4ኛ እርምጃ፦ በ1,001 ፈትኑት

7፣ 11 እና 13 ሲባዙ 1,001 ይመጣል። አባዝታችሁ አረጋግጡ፦ 7 × 11 = 77፤ 77 × 13 = 1,001። ይህን ማወቅ ብዙ ማካፈል ያስቀራል።

ቁጥሩን ኮማው ባለበት ቁረጡት፦ 194 እና 313። ከኋለኛው የፊተኛውን ቀንሱ፦

313 − 194 = 119

አሁን ስለ 7፣ ስለ 11 እና ስለ 13 የሚጠየቀውን 119 ይመልሳል።

119 = 7 × 17። ምንም አይተርፍም። ስለዚህ 194,313 በ7 ይካፈላል።
119 = 11 × 10 + 9። በ11 አይካፈልም፤ ቀሪው 9 ነው።
119 = 13 × 9 + 2። በ13 አይካፈልም፤ ቀሪው 2 ነው።

የ11ን ቀሪ ከ3ኛው እርምጃ ጋር አነጻጽሩ። እዚያም 9፣ እዚህም 9። በሁለት የተለያየ መንገድ አንድ መልስ ከመጣ ስሌታችሁ ደህና ነው። ካልገጠመ ወደፊት አትሂዱ፤ ተመልሳችሁ ፈልጉት።

ምክንያቱ እንደ ቅድሙ ነው። 194 ሺህ ማለት 194 ጊዜ 1,001 ሲቀነስ 194 ነው። 1,001 በ7፣ በ11 እና በ13 እኩል ስለሚካፈል ይጠፋል። የሚቀረው 313 ሲቀነስ 194 ነው። ቁጥሩ ሦስት ክፍል ካለው፣ ማለትም ሚሊዮን ከሆነ፣ ከቀኝ ጀምራችሁ የመጀመሪያውን ደምሩ፣ ሁለተኛውን ቀንሱ፣ ሦስተኛውን ደምሩ። ውጤቱ ከዜሮ በታች ቢሆንም ችግር የለውም፤ መካፈል አለመካፈሉን ያው ያሳያችኋል።

5ኛ እርምጃ፦ የተገኘውን አውጡና ቀጥሉ

በ3 እና በ7 እንደሚካፈል አውቀናል። እናካፍል።

194,313 ÷ 3 = 64,771
64,771 ÷ 7 = 9,253

አሁን ሥራችን ከ9,253 ጋር ነው። ትልቁን ቁጥር እርሱት። ብቸኛ ቁጥሮችን፣ ልጆቹ ፕራይም የሚሏቸውን፣ በተራ እንሞክራለን።

3 እንደገና ይሠራል? 9+2+5+3 = 19፤ አይሠራም። 7 እንደገና? 7 × 1,321 = 9,247፤ 6 ይተርፋል፤ አይሠራም። 2፣ 5፣ 11 እና 13ን መሞከር አያስፈልግም። ትልቁ ቁጥር በእነሱ ካልተካፈለ ከእሱ የወጣውም አይካፈልም። ብዙ ተማሪ ይህን ዘንግቶ ጊዜውን ያቃጥላል።

17? 17 × 544 = 9,248፤ 5 ይተርፋል። አይሠራም።
19? 19 × 487 = 9,253። ተገኘ።

የቀረን 487 ነው። ይህስ ይፈታል?

6ኛ እርምጃ፦ የት ማቆም እንዳለባችሁ እወቁ

ብዙዎች የሚደክሙት እዚህ ነው። 487ን በ23፣ በ29፣ በ31 እያሉ ይቀጥላሉ። አያስፈልግም።

22 × 22 = 484 ነው። 23 × 23 ደግሞ 529፤ ከ487 አለፈ። 487 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከ22 መብለጥ አይችሉም ነበር። ሁለቱም 23 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ብዜታቸው ቢያንስ 529 ይሆናልና። ስለዚህ አንደኛው የግድ 22 ወይም ከዚያ በታች ነው። እስከ 22 ፈልገን ካጣን የለም ማለት ነው።

እስከ 22 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17 እና 19 ናቸው። ከ19 በቀር ሁሉንም ከላይ ጥለናቸዋል። 19 × 25 = 475፤ 12 ይተርፋል። 487 ብቸኛ ቁጥር ነው። ሥራው አለቀ፦

194,313 = 3 × 7 × 19 × 487

ይህን መስመር በደማቁ ጻፉት። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ መስመር የሚነበብ ነው። ቅደም ተከተሉን ከመቀያየር በስተቀር ቁጥሩን በሌላ ብቸኛ ቁጥሮች መጻፍ አይቻልም። እናንተም፣ ሌላ አገር ያለ ተማሪም የምታገኙት እነዚህኑ አራቱን ነው።

አቋራጭ መንገድ፦ የፌርማ ዘዴ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ፒየር ዴ ፌርማ ሌላ መንገድ አሳይቷል። ለሁሉም ቁጥር ፈጣን አይደለም። የቁጥሩ ሁለት አካፋዮች ሲቀራረቡ ግን ግሩም ነው። ለ194,313 በሦስተኛው ሙከራ ይሠራል።

መጀመሪያ ስኩዌሩ ከ194,313 በትንሹ የሚበልጥ ቁጥር ፈልጉ። 440 × 440 = 193,600፤ አነሰ። 441 × 441 = 194,481፤ በለጠ። ከ441 እንጀምር። ስኩዌሩ ላይ 194,313ን ቀንሱ፤ ልዩነቱ ራሱ የአንድ ቁጥር ስኩዌር መሆኑን እዩ።

441፦ 194,481 − 194,313 = 168። ስኩዌር አይደለም።
442፦ 195,364 − 194,313 = 1,051። አይደለም።
443፦ 196,249 − 194,313 = 1,936። ይህ 44 × 44 ነው!

ስለዚህ 194,313 = 443 × 443 − 44 × 44 ሆነ። የሁለት ስኩዌር ልዩነት ደግሞ ወዲያው ይከፈላል፦

(443 − 44) × (443 + 44) = 399 × 487

399ም በዚያው መንገድ ይከፈላል። 400 − 1 ነውና፣ (20 − 1) × (20 + 1)፣ ማለትም 19 × 21። እነዚያው አራት ቁጥሮች በሌላ በር ገቡ። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ይደሰታሉ፤ እኔም እያንዳንዱ ጊዜ ደስ ይለኛል።

7ኛ እርምጃ፦ አካፋዮቹን ዘርዝራችሁ አንብቡ

አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጡት። አንድ አካፋይ ስንሠራ እያንዳንዳቸውን ወይ እናስገባለን ወይ እንተዋለን። ምርጫው 2 × 2 × 2 × 2 = 16 ነው። ስለዚህ 194,313 በትክክል 16 አካፋዮች አሉት። ጥንድ ጥንድ አድርገን እንጻፋቸው፤ እያንዳንዱ ጥንድ ሲባዛ 194,313 ይሰጣል፦

1 እና 194,313
3 እና 64,771
7 እና 27,759
19 እና 10,227
21 እና 9,253
57 እና 3,409
133 እና 1,461
399 እና 487

አሁን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። 1,461ን እናውቀዋለን፤ የአራት ዓመት ቀናት ነው፣ 3 × 487። ጥንዱ 133 ደግሞ በ532 ዓመት ውስጥ ያለው የአራት ዓመት ብዛት ነው።

10,227ን እዩት። 7 × 1,461 ነው። ይህ የ28 ዓመት ቀናት ብዛት ነው። 28 ዓመት በባሕረ ሐሳብ ዐውደ ፀሐይ ይባላል። ለምን 28 አስፈለገ? 1,461 ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፋል። ስለዚህ በየአራት ዓመቱ ዕለቱ በአምስት ይገፋል። መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ ከአራት ዓመት በኋላ ማክሰኞ ይሆናል። ይህ ግፊያ ሰባት ጊዜ ሲደገም ብቻ ነው ወደ ሐሙስ የሚመለሰው፤ 7 × 4 = 28።

27,759ስ? 19 × 1,461 ነው፤ የ76 ዓመት ቀናት። 76 ዓመት ማዕከላዊ ቀመር ይባላል። 19 ዓመቱ ደግሞ ንዑስ ቀመር ነው። የ19 ዓመት ቀናት ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ለምን? 19 ጊዜ 365 ከሩብ ሲሰላ 6,939 ከሦስት ሩብ ቀን ይመጣል። ሙሉ ቁጥር አይደለም። ሩቦቹ ሞልተው ቀን እንዲሆኑ አራት ጊዜ መደገም አለበት። 4 × 19 = 76። ማዕከላዊው ቀመር የመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅነው እዚህ ይመለሳል። 532 = 4 × 7 × 19። አራቱ ለጳጉሜ 6 እና ለወንጌላውያን ነው። ሰባቱ ለዕለታት ነው። አሥራ ዘጠኙ ለጨረቃ ነው፤ 19 ዓመት 235 የጨረቃ ወራትን በጣም ተቀራርቦ ይይዛልና። 4፣ 7 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ሦስቱ ዑደቶች ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የሚገጥሙት በብዜታቸው ነው፣ በ532። የጋራ አካፋይ ቢኖራቸው ቀድመው ይገናኙ ነበር። ለምሳሌ 4 እና 6 በ24 አይደለም የሚገናኙት፤ በ12 ነው። 500 ወይም 600 የማይሆነው ለዚህ ነው። 500 በ7ም በ19ም አይካፈልም፤ 600ም እንዲሁ።

ትውፊቱ ይህን ስሌት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ያለ ካልኩሌተር እዚህ የደረሱ ሰዎች ምን ያህል እንደተራቀቁ ማየት የሚቻለው ስሌቱን በእጅ ሲሠሩት ነው።

8ኛ እርምጃ፦ በሥራ ላይ አውሉት

194,313 በ7 ስለሚካፈል 532 ዓመት ማለት ልክ 27,759 ሳምንት ነው፤ አንድ ቀን አይተርፍም። ስለዚህ የዛሬ 532 ዓመት ይህ ቀን የዋለው በዛሬው ዕለት ነው። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ ዋለ። መስከረም 1 ቀን 1486 ዓ.ም.ም ሐሙስ ነበር።

በባሕረ ሐሳብ መንገድ እናረጋግጠው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ደምሩ፤ ዓመተ ዓለም ይሆናል። ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍሉ፤ ሙሉው ድርሻ መጠነ ራብዒት ነው። ሁለቱን ደምራችሁ ለ7 ግደፉ፤ ማለትም አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ያዙ። 1 ከተረፈ ማክሰኞ፣ 2 ከተረፈ ረቡዕ፣ 3 ከተረፈ ሐሙስ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል።

ለ2018፦ 7,518 + 1,879 = 9,397። ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ሐሙስ።
ለ1486፦ 6,986 + 1,746 = 8,732። ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ሐሙስ።

ገጠመ። እግረ መንገዳችንን 7,518ን ለ532 እናካፍለው፤ 14 ደርሶ 70 ይተርፋል። 2018 ዓ.ም. በ15ኛው ዐቢይ ቀመር 70ኛው ዓመት ነው ማለት ነው።

ሐዋሳ ላይ ግን ሌላም ሳምንት አለ። በሲዳማ ባህል ሳምንቱ አራት ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ እና ቀዋላንካ። ገበያዎችም በእነዚህ ቀናት ይጠራሉ። ወሩ 28 ቀን ነው፣ ማለትም ሰባት ባለ አራት ቀን ሳምንት። 28 ደግሞ 4 እና 7 መጀመሪያ የሚገናኙበት ቁጥር ነው። ከልጆቹ መካከል ይህን ከአያቶቻቸው የሰሙ አሉ፤ ጥያቄውን ያመጡትም እነሱ ናቸው። «ቲቸር፣ በ532 ዓመት ዲኮም ይመለሳል?»

ጥግ ላይ የጻፋችኋትን 1 አሁን አምጧት። 194,313 ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ስለዚህ ቆጠራው ካልተቋረጠ፣ ዛሬ ዲኮ ከሆነ በ532ኛው ዓመት በዚሁ ቀን ዲኮ አይሆንም፤ ዴላ ነው። ሐሙስ ይመለሳል፣ ጨረቃው ይመለሳል፣ ገበያው ግን በአንድ ቀን ይቀድማል። ሁሉም አብረው እንዲገጥሙ አራት ዐቢይ ቀመር ያስፈልጋል፤ 2,128 ዓመት። መልሱን የሰጠን አንድ ቀሪ ብቻ ነው።

9ኛ እርምጃ፦ ሌሎቹን ባሕርያት ፈልጉ

የአካፋዮቹ ድምር። አሥራ ስድስቱን መደመር ይቻላል፤ አጭሩ መንገድ ግን እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ላይ 1 ጨምሮ ማባዛት ነው፦ 4 × 8 × 20 × 488 = 312,320። ከዚህ ራሱን 194,313ን ብትቀንሱ 118,007 ይቀራል። ከቁጥሩ ያንሳል፤ ስለዚህ ጎደል ቁጥሮች ከሚባሉት ወገን ነው። ከራሳቸው በቀር ያሉት አካፋዮቻቸው ተደምረው ልክ ራሳቸውን የሚሰጡ ቁጥሮች ፍጹም ቁጥሮች ይባላሉ። 6 አንዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ 28 ነው፦ 1 + 2 + 4 + 7 + 14 = 28።

የሁለት ስኩዌር ድምር ይሆናል? አይሆንም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሊዮንሃርድ ኦይለር ካረጋገጠው የሚወጣ ደንብ አለ። ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ብቸኛ ቁጥር በአካፋዮቹ ውስጥ ጎዶሎ ጊዜ ከመጣ፣ ቁጥሩ የሁለት ስኩዌር ድምር መሆን አይችልም። የእኛ አራቱም፣ 3፣ 7፣ 19 እና 487፣ ለ4 ሲካፈሉ 3 ይተርፋሉ፤ የመጡትም አንድ አንድ ጊዜ ነው። የሁለት ስኩዌር ልዩነት ግን በስምንት መንገድ ይሆናል። ከላይ ከጻፍናቸው ስምንት ጥንዶች እያንዳንዱ አንድ መንገድ ይሰጣል። 443 እና 44 ከመጨረሻው ጥንድ የወጣው ነው።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ይህ ነው። ከ1 እስከ 194,313 ካሉት ቁጥሮች ውስጥ ከእሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው? አንድ በአንድ መቁጠር አይታሰብም። የኦይለር ዘዴ ግን ከእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር 1 ቀንሳችሁ አባዙ ይላል፦

2 × 6 × 18 × 486 = 104,976

ይህን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትለፉት። 324 × 324 ነው። 324 ደግሞ 18 × 18 ነው። ስለዚህ 104,976 ማለት 18 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው፦ 18 × 18 × 18 × 18። ምክንያቱን ለማየት አራቱን ክፈቷቸው። 2 ያው 2 ነው። 6 = 2 × 3። 18 = 2 × 3 × 3። 486 = 2 × 3 × 3 × 3 × 3 × 3። ሁሉም ከ2 እና ከ3 ብቻ የተሠሩ ናቸው። አራት 2 እና ስምንት 3 አለ። አንድ 2 ከሁለት 3 ጋር ሲጣመር 18 ይሆናል፤ አራት 18 ተገኘ። ይህን ማንም አቅዶ አላስቀመጠውም። ፀሐይና የሰባት ቀን ሳምንት ጨረቃን ጨምረው የሠሩት ቁጥር ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

መለማመጃ

ቅድም የተውነውን የጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር አሁን ውሰዱ። በዚያ አቆጣጠር 400 ዓመት ሁልጊዜ 146,097 ቀን ነው። ራሳችሁ ፍቱት። ከታች ያለውን የምታዩት ስትጨርሱ ይሁን።

በግእዝ ፲፬፼፷፻፺፯ ነው። 14 + 60 + 97 = 171፤ በ9 ይካፈላል፣ በ11 ግን 6 ይተርፋል። በ1,001 ስትፈትኑት 97 − 146 = −49 ይመጣል። 49 በ7 ይካፈላል፤ ቁጥሩም ይካፈላል። በ11 የቅድሙን ቀሪ ለማረጋገጥ −49 ላይ 55 ጨምሩ፤ 6 ነው፣ ገጠመ። በ13 አይካፈልም።

146,097 ÷ 9 = 16,233። 16,233 ÷ 7 = 2,319። 2,319 አሁንም በ3 ይካፈላል፤ 773 ይቀራል። 28 × 28 = 784 ስለሆነ እስከ 27 ብቻ መፈለግ ይበቃል። 17 ላይ 8፣ 19 ላይ 13፣ 23 ላይ 14 ይተርፋል። 773 ብቸኛ ቁጥር ነው።

146,097 = 3 × 3 × 3 × 7 × 773

በ7 ስለሚካፈል በዚያኛው አቆጣጠር ዕለታት በ400 ዓመት ይመለሳሉ፤ 20,871 ሳምንት ነው። 19 ግን ከአካፋዮቹ ውስጥ የለም። የአካፋዮቹን ብዛት ስትቆጥሩ 3 ሦስት ጊዜ መምጣቱን አትርሱ። ለእሱ ያለው ምርጫ ሁለት ሳይሆን አራት ነው፦ መተው፣ አንዱን ማስገባት፣ ሁለቱን ማስገባት ወይም ሦስቱንም። 4 × 2 × 2 = 16።